ረድፍ ሃያ ሦስት፦ ይቋቋማል

ግንቦት 3፣ ወልቂጤ፣ ጠዋት 4፡30

ረድፍ 31። «የቅጠል መሐል ጅማት ቀለም»። የመልሱ ዓይነት፦ ከዝርዝር የሚመረጥ። ግዴታ፦ አይደለም። ብዛት፦ ከአንድ እስከ ሦስት። ምሳሌ፦ ቀይ። በዚህች አንድ መስመር ላይ ከጠዋት ጀምሬ ተቀምጫለሁ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። ሻዬ ቀዘቀዘ። አንዱ ባለሙያ ቀይና ጥቁር ቀይ ይለዩ ይላል፣ ሌላው ዓይናችንን አታድክሚ ይላል። ለየኋቸው። ሲፈልጉ ይጣሉበት።

አንተ ደብተር፣ ሥራዬን አንድ ጊዜ ላስረዳህና ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። በዞኑ እንሰት የሚመዘግብ ሦስት ቦታ አለ። ችግኝ ጣቢያው የራሱ ዝርዝር አለው፣ ተመራማሪዎቹ የራሳቸው፣ የግብርና ባለሙያዎቹም የራሳቸው። ሦስቱ አይተዋወቁም። የኛ ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ሦስቱም ዝርዝሮች ወደዚያ ቁጥር ይጠቁማሉ፤ አንድ ቦታ የተጠየቀ ጥያቄ ከሦስቱም መልስ ያመጣል። የተሳሰረ ዳታ የሚሉት ይኸው ነው። እንዲተሳሰሩ ግን ስለ አንድ እንሰት ምን ምን ማለት እንደሚቻል አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ያን የምጽፈው እኔ ነኝ። የባሕርያት ሰንጠረዥ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ባሕርይ ነው፤ ዓምዶቹ ትርጉሙ፣ የመልሱ ዓይነት፣ ግዴታ መሆን አለመሆኑ፣ ብዛቱ፣ ምሳሌው። ጠቅላላ 41 ረድፍ። የመጀመሪያው ስሪት ባለፈው ዓመት ወጥቶ እየተሠራበት ነው፤ አሁን ሁለተኛውን እያጠራሁ ነው።

ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ያላገኘ ነገር ለማሽኑ የለም። ይህን ሥልጠና ላይ ስናገር ደስ ይለኛል። ትንሽ ጉራ አለብኝ፣ አውቃለሁ።

8 ሰዓት ላይ። መኪያ ደወለች። ታላቅ እህቴ፣ መስቃን፣ ከቡታጅራ ወጣ ብላ የምትኖረው። ሁለት እንሰት የመሐል ቅጠላቸው ጠውልጓል አለች። ፀሐይ ይሆን ወይ? ፀሐይ ነው አልኳት። ቶሎ አልኳት። ረድፍ 32 እየጠበቀኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ መስቃን፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ፀሐይ አይደለም።

ሰባት ሆነዋል። ልቤ አላስቀመጠኝም፣ ቅዳሜ ስለሆነ መጣሁ። የመሐሉ ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። መኪያ አንዱን ግንድ በቢላ ጫረችው። ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ሁለታችንም አወቅነው፣ ማናችንም ስሙን አልጠራንም። አጠውልግ። እንሰትን ከልቡ የሚያደርቅ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ። ከሥር ነቅሎ መቅበር ነው፣ ሌላ የለም።

ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። አራት ልጆች። ይህ ጓሮ ነው የሚያበላቸው። ሌላው ሰው ስንዴው ቢበላሽበት ለከርሞ ይዘራል፤ እንሰት ተክሎ ለመቁረጥ ስድስት ዓመት ነው። ደግሞ ይህ የማንም እንሰት አይደለም። መኪያ ስትዳር እናታችን ከራሷ ጓሮ ችግኝ ተሸክማ መጥታ በእጇ የተከለችላት ነው፤ ዛሬ የቆሙት የነዚያ ዘሮች ናቸው። የእናታችን ቤት ፈርሷል፣ ጓሮውም የለም። የሷ ዘር ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ከአጥሩ ጥግ አሥራ ሁለቱ የኔዎቹ ቆመዋል። ለምለም፣ ሰፊ ቅጠል። የኔዎቹ የምለው ጥር ላይ ያመጣሁላት ስለሆኑ ነው። በእኛ መዝገብ ቁጥር 47። የቸሃ ወረዳ ዝርያ ነው፤ ስሙን ዛሬ መጻፍ አልፈለግሁም። ያኔ መዝገቡን ጠይቄው ነበር፦ ለቆጮ የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርስ፣ አጠውልግን የሚቋቋም። አንድ መልስ ብቻ መጣ። 47። ገና ለገበሬ ሳይታደል ከችግኝ ጣቢያው በልመና አሥራ ሁለት ወሰድኩ፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ እዚህ ድረስ እንደ ሙሽራ አመጣኋቸው። የሠራሁት ሰንጠረዥ እህቴን ጠቀማት ብዬ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

የታመሙት ሰባቱ ከአሥራ ሁለቱ አጠገብ ያሉት ናቸው። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

መኪያን ስለ አያያዙ ጠየቅኋት። ያንቺዎቹን ነው ከሁሉ ቀድሜ የማጸዳቸው አለች፤ ደረቅ ቅጠላቸውን ቆርጬ፣ ከዚያ ወደ እናታችን ዘሮች እዞራለሁ። እንግዳ አይደሉ? ቢላውስ? አልኳት። ቢላው አንድ ነው አለች።

ቢላውን ተቀብዬ ስለቱን አየሁት።

እሷ ግን ጥፋተኛ አግኝታለች። ሸምሲያ፣ የሟች ባሏ ወንድም ሚስት፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው። ሚያዝያ ላይ መኪያ እንሰት ስትፍቅ ልታግዛት የራሷን ቢላ ይዛ መጥታ ነበር። ቢላውን ረስታው ሄደች። መኪያ አሁን በከረጢት ቋጥራ ጣሪያው ሥር ሸጉጣዋለች፤ ለሽማግሌ የምታሳየው ማስረጃ ነው። «ወላሂ እሷ ናት» ትላለች። «ቢላዋን ይዛ ገባች፣ እንሰቴን ገድላ ወጣች።» የሃያ ዓመት ጉርብትና። ልጆቻቸው አንድ ሳህን ላይ ነው የሚበሉት። ከትናንት ጀምሮ አይነጋገሩም።

ሽማግሌዎቹ ግንቦት 18 ይቀመጣሉ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ።

ስሸኝ መኪያ ምን አለች? ያንቺዎቹ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ግንቦት 7፣ ወልቂጤ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቢሮ። የመስክ ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ያንተ ታላቅ ወንድም። ባለፈው ዓመት ቸሃ ስንዞር የያዝኩት። ገጹ ተገኘ። እማማ ሽብሬ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስለ 47 የነገሩን እሳቸው ናቸው። በራሴ እጅ ጽሑፍ፦

ይታመማል። ይነሳል። ከሌላው ጋር አይተከልም። የራሱ ቢላ አለው።

ከጎኑ ቀስት። ከቀስቱ ጫፍ፦ ረድፍ 23 = አዎ።

ረድፍ 23። «አጠውልግን ይቋቋማል»። የመልሱ ዓይነት፦ አዎ ወይም አይ። ግዴታ፦ ነው። ብዛት፦ አንድ።

አራት ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ አንድ ቃል ብቻ መዘገብኩ። ደግሞ አስታወስኩ፣ አንተም አስታውስልኝ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ ነበረ። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ስብሰባ ላይ ቆሜ ልቅ ጽሑፍ ማሽን ሊጠይቀው አይችልም፣ ሰነፍ መዝጋቢ ሁሉን እዚያ ይወረውራል ብዬ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ያን ቀን የለበስኩትን ሹራብ ሁሉ አስታውሳለሁ።

አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት የሸምሲያ ቢላ ይሆናል። ምነው እሱ በሆነ እያልኩ ነው። አሳፋሪ።

ግንቦት 8

ምንም አልሠራሁም። ረድፍ 32 እዚያው ነው። ለመኪያ ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ነገ ቸሃ እሄዳለሁ። ለቢሮ አሞኛል እላለሁ፤ ውሸትም አይሆንም።

ግንቦት 9፣ ቸሃ፣ 7 ሰዓት ገደማ፣ ሚኒባስ እየጠበቅሁ

እማማ ሽብሬ አወቁኝ። የቡታጅራዋ ጸሐፊ አሉኝ። ቆጮና ጎመን አቀረቡ፤ አልወርድ አለኝ፣ በግድ አጎረሱኝ።

ቀጥታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እንደ ባለፈው በቀስታ ነገሩኝ። 47 ሲታመም ቅጠሉ ይዝላል፣ ከዚያ ያገግማል። አንዳንዱ ጭራሽ ምልክት አያሳይም። በሽታው ግን ውስጡ አለ። እሱ ይችለዋል፤ አጠገቡ ያለው አይችለውም። ስለዚህ ከቤቱ በታች፣ ውሃ ወደሌላው በማይወርድበት ዳር ለብቻው ይተከላል። ክፉ ዓመት መጥቶ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ እሱ ይተርፋል፤ ልጅ ያሳድጋል። ክፉ ተክል አይደለም። ከማን ጋር እንደሚኖር ማወቅ ነው እንጂ።

ከዚያ ቢላዎቹን አሳዩኝ። ሁለት ችንካር፣ ሁለት ቢላ። አንደኛው ከጓዳው በር፣ ሌላው ውጭ ከግድግዳው ጀርባ። የውጭው ቤት አይገባም፣ ለማንም አይዋስም፣ ልጅ አይነካውም። ይህን የሚያውቅ ሴቱ ሁሉ ነው፤ አማት ለምራት የምታሳየው የመጀመሪያው ነገር ነው አሉ። ሁለቱን ችንካሮች ባለፈው ዓመት ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። ለሪፖርቱ ሽፋን። ያምራሉ ብዬ።

እኛ ዘንድ፣ መስቃን፣ ይህ ዝርያ ስለሌለ ይህ ልማድም የለም። መኪያ ከየት ታውቀዋለች? ችግኙ በመዝገቡ በኩል ተሻገረ፣ ቢላው ግን አልተሻገረም።

ከማን አጠገብ ተከልሽው? አሉኝ። ከእናቴ ዘር አጠገብ አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ ልጄ። ስትጽፊም አይቼሻለሁ።»

ቁጣ እንኳ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነው፤ አንዲት ጭድ የተሸከመች ሴት አይዞሽ ብላኝ አለፈች።

ግንቦት 10፣ ወልቂጤ

አቶ ተክሌ ዘንድ ገባሁ። አስተባባሪያችን። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቴ ስትሞት ቡታጅራ ድረስ መጥቶ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ነው። ሁሉን ነገርኩት። የእማማ ሽብሬን፣ የቢላውን፣ የጓሮውን።

ሰማኝ። ከዚያ መልስ ሰጠኝ፦ አንድ ጓሮ ማስረጃ አይሆንም። ገበሬዋ የአያያዝ ጉድለት ሊኖርባት ይችላል። ሁለተኛው ስሪት ነሐሴ ላይ ሲወጣ ረድፉን አስተካክይው፣ ማን ከለከለሽ? እስከዚያ ሰው አታሸብሪ።

ነሐሴ አይሆንም፤ ምክንያቱም ግንቦት 16 አንድ አይሱዙ ሙሉ ችግኝ ወደ መስቃን ይጫናል። ሁሉም 47። የተመረጠው በኔ ሰንጠረዥ፣ በረድፍ 23 ነው። የተቀባዮቹ ስም ሳይቀር በቀበሌ ተለጥፏል።

ይህን ስለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። አሥራ ሁለቱን ችግኝ ማን ፈቀደልሽ? ሳይታደል ለእህትሽ መውሰድሽን ማን ያውቃል? ይህን ነገር በጽሑፍ ካወጣሽ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ለኔ ብሎ ነው የሚናገረው። እውነትም ለኔ ብሎ ነው። ለዚያ ነው የፈራሁት።

«ገበሬዋ» ይላል ደግሞ። መኪያን። ቤቷ ገብቶ በልቶ ያውቃል።

ግንቦት 11፣ ጠዋት

ፈራሁ ማለት ሥራ አይደለም። ረድፉን ልክፈተው።

23 ይሰረዝ? አይቻልም። በተሳሰረ ዳታ አንዴ የወጣ ባሕርይ አይጠፋም፤ የሌሎች ዝርዝር ወደሱ እየጠቆመ ነው፣ ብታጠፋው ጠቋሚው ባዶ ላይ ይቀራል። የሚደረገው «ተሽሯል» ማለት ነው። እዚያው ይቆማል፣ የሚታይ ሆኖ፣ ከጎኑ ሁለት የግዴታ ዓምድ ይዞ፦ የተሻረበት ምክንያት። የሻረው ሰው ስም። ይህን ደንብ ማን አወጣው? እኔ። ያኔ ስለ ሌሎች ሰዎች ስህተት ነበር የማስበው።

በምትኩ፦
23ሀ «የበሽታ ምልክት ያሳያል»።
23ለ «ከታመመ በኋላ ያገግማል»።
23ሐ «በሽታውን ይዞ ወደ ሌላ ያስተላልፋል»።
መልስ፦ አዎ፣ አይ፣ አይታወቅም። ይህች «አይታወቅም» የምትባል ነገር። በመጀመሪያው ስሪት አልነበረችም። ግዴታ ነው ብዬ፣ አዎ ወይም አይ ብዬ፣ ሰውን ግድግዳ ላይ አጣብቄ ነበር የምጠይቀው። የማያውቅ መዝጋቢ ምን ያድርግ? ገምቶ ሞላ።
23መ «አብሮት የማይተከል»። መልሱ የሌላ ዝርያ ቁጥር። ብዛት፦ ገደብ የለውም።
23ሠ «የተለየ መሣሪያ ያስፈልገዋል»።
ለእያንዳንዱ፦ ማን ተናገረ፣ የት ታየ። ሁለቱም ግዴታ።

ማስታወሻ የሚለው ዓምድም ተመለሰ። ልቅ ጽሑፍ። ማሽን ባይጠይቀው ሰው ያነበዋል።

ጥሩ ሠራሁ። ስሠራ ለአንድ ሰዓት መኪያን ረሳኋት፤ ጎበዝ ነኝ እንዴ ብዬም አሰብኩ። ከዚያ «ምሳሌ» የሚለው ዓምድ ላይ ደረስኩ። ለ23ሐ ምሳሌ። ባዶ ተውኩት።

የተሻረበት ምክንያትም ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። መጀመሪያ «የተሻለ ትርጉም ስለተገኘ»። ውሸት። «በመስክ አስተያየት መሠረት»። ይህም ውሸት ነው፣ ግን ክራቫት ያሰረ። ሦስተኛውን አጠፋሁት።

ግንቦት 13

መኪያ ደወለች። አሥራ አራት ሆነዋል። አሁን ከአጥሩ ርቆ ያለው መስመር ውስጥ ገብቷል። እየነቀለች እየቀበረች ነው፣ ብቻዋን። ልጆቹ ትናንት ምን በሉ? አልኩ። ካለው ቆጮ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆጮ እስከ መስቀል ያደርሰናል፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል አለች።

ሸምሲያ ትናንት በሩ ድረስ መጥታ ቁርአን አስይዙኝ፣ እምላለሁ ብላለች። መኪያ አላስገባቻትም። ሸምሲያ ስታለቅስ በአጥሩ ሰማኋት ትላለች፤ ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። እሷም ናፍቃታለች። ሃያ ዓመት እኮ ነው።

ያኔ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ። ያንቺዎቹ አንዳቸውም አልተነኩም አለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ነገ ከነሱ አንዱን ቆርጬ ችግኝ ማፍላት እጀምራለሁ፣ ሲደርስ በእናታችን ቦታ እተክላለሁ።

አትትከይ አልኩ። ለምን? አትትከይ ብቻ፣ ቢላሽንም አታንሺ፣ መጥቼ እነግርሻለሁ። ስልኩን ዘጋሁት።

ግንቦት 15፣ ወልቂጤ፣ 10 ሰዓት

አወጣሁት።

ስሪት 1፡1። ረድፍ 23፦ ተሽሯል። ምክንያት፦ «በሽታውን ተሸክሞ የሚኖር ዝርያ ከማይታመም ዝርያ ጋር አንድ መልስ እንዲያገኝ ስላደረገ። የነጋሪዋ ቃል መስክ ላይ ሙሉ ተመዝግቦ ነበር፤ ሰንጠረዡ ላይ የተቆረጠው በአዘጋጇ ነው።» የሻረችው፦ ስሜ ሙሉ፣ እስከ አያት። ለሦስቱም ዝርዝር ባለቤቶች ተላከ። 47 በሁሉም ዘንድ አሁን 23ሐ፦ አዎ ነው የሚለው። ያስተላልፋል፤ ነጋሪዋ እማማ ሽብሬ፣ ቦታ ቸሃ።

ከዚያ ችግኝ ጣቢያው ሄድኩ፣ በእግሬ፣ ደብዳቤ ይዤ። ኃላፊው አነበበው። ማኅተም የለውም አለኝ። የለውም አልኩ። መኪናው ነገ ነው አለኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት አልኩ። እናቱ እኖር ወረዳ እንደሚኖሩ፣ እንሰት እንደሚፍቁ ነገረኝ፤ የሁለት ቢላውን ነገር ከሳቸው ሰምቶት ያውቃል፣ መዝገቡ ግን ይቋቋማል ስላለ መዝገቡ ከእናቴ ይበልጣል ብሎ ትቶት ነበር። አላስጭንም አለ። ማኅተሙን ነገ አስመትተሽ አምጪ፣ እስከዚያ መኪናው ጎማ ፈንድቶበታል እላለሁ።

ስመለስ አቶ ተክሌ በር ላይ። አልጮኸም። ላፕቶፑን አስረክቢ አለኝ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ቢሮ አትምጪ። የአሥራ ሁለቱን ችግኝ ነገር በጽሑፍ አስረጂ። አስረከብኩ። ባትሪ መሙያውን ረስቼ ቤት ይዤው መጣሁ፤ እሱም ሊጣራ ነው።

ማኅተሙን ማን እንደሚመታልኝ አላውቅም። መኪናው ለነገ ብቻ ይቁም፣ ከነገ ወዲያ ያለውን ሌላ ሰው ያንብበው፣ ተጽፎለታል።

ግንቦት 17፣ መስቃን፣ 11 ሰዓት

ነገርኳት።

ጓሮው ውስጥ ቆመን። ቀላል ቃል ፈልጌ ነበር፣ አልተገኘም። በሽታው የመጣው በሸምሲያ ቢላ አይደለም፣ እኔ ባመጣኋቸው ነው አልኳት። እነሱ ይዘውት ይኖራሉ፣ አይሞቱም። ያንቺ ቢላ ከነሱ ወደ እናታችን አደረሰው። ቢላውን መለየት እንዳለብሽ የሚያውቁ ሴት ነግረውኝ ነበር። ጽፌው ነበር። አንቺ ጋ አላደረስኩትም።

መጀመሪያ አልገባትም። ማሽኑ ነው የተሳሳተው? አለች። አይደለም። ሴትዮዋ ናቸው? አይደለም፣ እሳቸው ትክክል ነበሩ። ታዲያ? እኔ ነኝ አልኩ።

አየችኝ። ከዚያ አሥራ ሁለቱን አየች፣ በጥር ምንጣፍ ዘርግታ የተቀበለቻቸውን። ከዚያ እጇን አየች። ቢላ የያዘችበትን እጅ። ይህን ስታደርግ ሳያት እኔን ብትመታኝ ብዬ ተመኘሁ። «በገዛ እጄ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ቀድሜ እነሱን፣ ከዚያ እናቴን።»

አንቺ አላወቅሽም አልኳት። ቤት ገባች። ልጆቹ ምን ሆና ነው ይሉኛል። እራት ሠራች፣ ሳህኔን አስቀመጠች፣ ብዪ አላለችኝም። መኪያ እንግዳን እንኳ ብዪ ሳትል ቀርታ አታውቅም።

የቀሩት የእናታችን እንሰቶች ሃያ ስድስት። ስንቱ ውስጥ እንደገባ ማንም አያውቅም። መልስ፦ አይታወቅም።

ግንቦት 18፣ መስቃን፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። ወጣሁ። አሥራ ሁለቱንም ነቅላቸዋለች። ብቻዋን፣ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ። ለምለም እንደሆኑ ጉድጓድ ውስጥ ተደርድረዋል። አፈር ልታለብሳቸው ነው። ላግዝ አልኩ፣ አትንኪ አለች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው፤ ቢላዋን በረኪና ባልዲ ውስጥ ነክራዋለች። ያን እንድታደርግ ትናንት ነግሬያት ነበር፤ ሰምታለች ማለት ነው።

ከዚያ ገብታ ከረጢቱን ከጣሪያው ሥር አወጣች። ፈታችው። የሸምሲያ ቢላ፣ እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠመጠመ። ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ራስሽ መልሺላት። ለእኔ ያልሽኝን ሁሉ በያት። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ። ከዚያ ነይና ቆፍሪ።»

አብረን እንሂድ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። መኪያ ላከችኝ እንዳትዪያት አለች። ለምን ስላት፣ እኔ የምላት ሌላ ነው፣ እሱን ራሴ እላታለሁ አለች። ለኔ የምትለው ይኖር እንደሆነ አልጠየቅሁም። ምናልባት ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንሰቱም እንደዚያው ነው።

ወልቂጤ ደብዳቤ እየጠበቀኝ ነው፣ የአሥራ ሁለቱን ችግኝ ነገር አስረጂ የሚል። አስረዳለሁ። መኪናው፣ የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ እንደደወለልኝ፣ እስካሁን አልተጫነም። ግን መጀመሪያ እዚህ እቆያለሁ፤ ሃያ ስድስቱ አንድ በአንድ እስኪለዩ፣ የታመመው እስኪቀበር። ወስኛለሁ። ሥራው ከጠፋ ይጥፋ።

ባዶ የተውኩት ዓምድ ትዝ አለኝ። ላፕቶፑ የለኝም፣ አንተ ላይ ልጻፈው፤ በኋላ ማንም ቢሆን ያስገባዋል። ረድፍ 23ሐ፣ ምሳሌ፦ «47። ራሱ አይሞትም። አጠገቡ ያሉትን ይጨርሳል። የታየበት ቦታ፦ መስቃን፣ የመኪያ ጓሮ። የተናገረችው፦ እኔ።»

ከአጥሩ ወዲያ በር ተከፈተ። ሸምሲያ ናት፣ ለጥጃዋ ስትናገር ይሰማኛል። ቢላውን በሻርፔ ጠቀለልኩት። አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ እገባለሁ። ቢላሽ ይኸው እላታለሁ። ከዚያ ለመኪያ ያልኩትን ሁሉ።